የፌርፋክስ ገበሬዎች

እኩለ ቀን ሊሆን ሲል ለቅሶው ተቋረጠ። ማክሰኞ ማክሰኞ የመንገድ ጠራጊው መኪና በብሎኩ ያልፋል፤ ከኋላው የሚከተለው ሰውዬ ደግሞ በስተግራ በኩል ቆሞ ያገኘውን መኪና ሁሉ ቲኬት ይለጥፍበታል። ወንዶቹ ቁልፋቸውን በየኪሳቸው እየፈለጉ ተነሡ። አንዲት ሴትዮ «ወይኔ ዓለሜ» ብላ የጀመረችውን ሳትጨርስ ወጣች፤ መኪናዋን አንስታ ስትመለስ ካቆመችበት ቀጠለች። ማንም አልታዘባትም። ሟቹ ራሱ በሕይወት ሳለ ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት እየዞረ «ጠራጊው ደርሷል» በማለት ሐዘንተኛ ሲያስነሣ የኖረ ሰው ነበር።

ሰው የተቀመጠው ከአፓርታማው ሥር ባለው የመኪና ማቆሚያ ነው። ፎቅ ላይ ያለው ቤት ጠባብ ስለሆነ ማኔጀሩ ሳምንቱን ፈቅዷል፤ ጎረቤቶችም መኪናቸውን ውጭ እያሳደሩ ነው። የእድሩ ወንበሮች በነጮቹ መስመሮች መካከል ተደርድረዋል። የሟቹ ሚስት ለተማርያም ከኋላው ግድግዳ ሥር፣ የባሏ መኪና መቆም በነበረበት ቦታ፣ ጥቁር ሻሿን አስራ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። መኪናው ከተራራው ማዶ ካለው ካውንቲ ገና አልመጣም። ባሏ ዓለምሰገድም እንደዚያው። የካውንቲው ሐኪም ምርመራውን ሳይጨርስ አስከሬን አይለቅም ተብሏል።

ሁሉም ለመኪናው ሲነሣ ያልተነሡት ለተማርያምና አንዲት ወጣት ልጅ ብቻ ነበሩ። ልጅቷ ጠዋት መጥታ፣ እንደ ሰው ሁሉ እጅ ነስታ፣ ሴቶቹ መካከል ተቀምጣለች። ነጠላ ይዛ ስላልመጣች አንዷ አውሳታለች። በልታለች፤ ሳህኗንም እንደገና ሞልተውላታል። ለቅሶ ላይ የተቀመጠን ሰው የማን ነሽ ብሎ መጠየቅ ለምን መጣሽ እንደማለት ስለሆነ ማንም አልጠየቃትም። የለተማርያም ወገን የዓለምሰገድ ዘመድ ትሆናለች አሉ፤ የዓለምሰገድ ሰዎች ደግሞ የለተማርያም።

መኪናዋን አንስታ መጀመሪያ የተመለሰችው ታደለች ናት። ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ በርበሬና ሽሮ፣ ወደ ጓዳው ገባ ለሚል ደግሞ የሐበሻ ልብስ የምትሸጥ ወዳጃቸው ናት። ወንበር ስባ ለተማርያም አጠገብ ቁጭ አለችና «እግዜር ያጥናሽ» አለች፤ ከትናንት ጀምሮ ስትለው ውላለች። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ለተዬ፣ ሰዓቱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ዓለሜ ከመሞቱ በፊት እኔን አንስቶ የተናገረው ነገር ነበር?»

ለተማርያም ትናንት ይህንኑ የጠየቃት ሰው ዓለምሰገድን ምንኛ ቢወደው ነው ብላ አልቅሳለታለች። ማታ ሌላ ሰው ጠየቃት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ባልና ሚስት በየተራ መጥተው፣ አንዱ የሌላውን መጠየቅ ሳያውቅ፣ ያንኑ ጠየቋት። እንባዋ የቆመው ያኔ ነው።

«ለማን የተናገረው?» አለቻት።

«እንዲያው ለማንም። ለቢሮ ሰዎች ማለቴ ነው።»

«ስለ ጥጡ ነው?»

ታደለች ዙሪያዋን ቃኘች። በቅርብ ያለችው ያቺ ወጣት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ መሬት መሬት ታያለች። ታደለች ድምጿን ትንሽ ብቻ ዝቅ አደረገች።

«ስለ ጥጡ ነው።»

የጥጡ ነገር የተጀመረው ዓለምሰገድ የደንበኞችን መኪና እየተቀበለ በማቆም ይሠራበት በነበረ የሐኪሞች ሕንፃ ሥር ነው። ሚስተር ዌይድ የሚባል ደንበኛ ነበረው። ሰውየው የሚኖረው ቤቨርሊ ሂልስ ሲሆን እርሻው ግን ከተራራው ማዶ፣ ሦስት ሰዓት ድራይቭ ተደርጎ የሚደረስበት ካውንቲ ውስጥ ነው። ለጥርሱ በመጣ ቁጥር ዓለምሰገድ መኪናውን ጥላ ሥር ያቆምለታል። አንድ ቀን ሚስተር ዌይድ የገበሬ ልጅ እንደሆነ ጠየቀው። ዓለምሰገድ የተወለደው ጉለሌ ሲሆን በሬ ያየው ለበዓል ሲታረድ ብቻ ነው። ሰው ማሳፈር ስለማይወድ «እኛ አገር ሁሉም ገበሬ ነው» አለው።

ሚስተር ዌይድም ችግሩን አስረዳው። ዋጋ ሲወድቅ ወይም ዝናብ ሲጠፋ መንግሥት ለጥጥ ገበሬ ድጎማ ይከፍላል። ድጎማው ግን ለአንድ ሰው ጣሪያ አለው፤ መሬቱ የቱንም ያህል ቢሰፋ አንድ ገበሬ ከጣሪያው በላይ አያገኝም። ገበሬዎቹ ሁለት ቢሆኑ ሁለት ጣሪያ ነው፤ ሃያ ቢሆኑ ሃያ። ሚስተር ዌይድ መሬት አላነሰውም። ያነሰው ሰው ነበር።

ዓለምሰገድ እንደ ልማዱ ጋሼ አድማሱን አማከረ። ጋሼ አድማሱ የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ታክሲ ነድተዋል፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሰው ይነዳሉ።

«ስም ብቻ ነው የጠየቀህ?» አሉት። «እኔ እኮ ኩላሊት መስሎኝ ደንግጬ ነበር።»

ነገሩ በዚህ አለቀ። አዲስ አበባ እያለ ስም ያላዋሰ ማን አለ? ጋሼ አድማሱ ራሳቸው በሞተች አክስታቸው ስም የቀበሌ ቤት ኖረዋል። ታደለች በእህቷ ስም ሁለተኛ እቁብ ጥላለች። ስም ማዋስ ወንፊት ከማዋስ ይቀላል፤ ወንፊት እንኳ ተቀዶ ይመለሳል። ዓለምሰገድ እየዞረ ሲጠይቅ «ምን ላይ ነው የምፈርመው» ያለው አንድም ሰው አልነበረም። እንዲያ ብሎ መጠየቅ ዓለምሰገድን መጠርጠር ነው፤ ዓለምሰገድን ደግሞ የሚጠረጥር የለም። በአንድ ወር ውስጥ የፌርፋክስ እድር አባላት፣ አስተናጋጁም፣ ሹፌሩም፣ አረጋዊ ጠባቂዋም፣ የጥጥ ገበሬ ሆነው አደሩ። ለገና ለየሰዉ ለበዓል የሚሆን ትንሽ ነገር ይመጣላቸዋል። አሁን የተቀመጡባቸው ወንበሮችም የተገዙት ከዚያው ነው።

በዓመት አንድ ጊዜ ሚስተር ዌይድ ቫን ይልክላቸዋል። ለተማርያም በየዓመቱ ሄዳለች። ነጭ ጫማዋን አድርጋ፣ የተሰጣትን ኮፍያ ደፍታ፣ ጥጥ መካከል ቆማ ፎቶ ተነሥታለች። ገበሬ እርሻውን ማኔጅ ማድረግ አለበት ስለተባለ አንድ ረጅም ሰውዬ ስለ ውሃና ስለ አረም በእንግሊዝኛ ያስረዳቸዋል፤ እነሱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ማኔጅ ማድረግ ማለት መነቅነቅ መሆኑን ሁሉም ተግባባበት። ከዚያ ሥጋ ተጠብሶ ይበላል፤ ሲመለሱ በቫኑ ውስጥ ይዘፈናል። ለተማርያም ሽርሽር ነበር የሚመስላት። ፈርሚ ባላት ቦታ ላይ እንደፈረመች ታስታውሳለች፤ ባሏ ጣቱን ያሳረፈበት ቦታ ነበር።

ለታደለች «ስለ ማንም የነገረኝ የለም» አለቻት። ታደለች ግንባሯን ሳመቻትና ቀለል ብሏት ተነሣች። ለተማርያም ግን የነገራት ነበር።

ካለፈው ፋሲካ ወዲህ ዓለምሰገድ እሑድ እሑድ መጥፋት ጀምሮ ነበር። ቅዳሴ ሳይገባ በጨለማ ይወጣል፤ ሲመለስ አንገቱ ጠቁሮ፣ ጫማው አቧራ ሞልቶ፣ ራት ሳይበላ ይተኛል። ሸሚዙ ላይ ጥጥ አገኘችበት። ብዙ አሰበችና ሌላ ሴት ይዟል፣ ሴትየዋም ፍራሽ ሰፊ ናት ብላ ደመደመች። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፍራሽ የምትሰፋ ሴት ትኖር እንደሆነ አላጣራችም። ሰው ሲቀና ዝርዝር ውስጥ አይገባም።

እውነቱን የነገራት ከመሞቱ በፊት በነበረው ሳምንት ነው። እግሩን እየታጠበ ነበር። ከድጎማው ቢሮ አንዲት ልጅ እየደወለች እንደምትጠይቀው ነገራት። ድምጿ ትሑት ነው አለ፤ የምትጠይቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው። እርሻው ላይ አንተ የምትሠራው ምንድን ነው?

«ምን አልካት?»

«መልሼ እደውላለሁ አልኳት።»

«ከፋሲካ ጀምሮ?»

«እየደወልኩ፣ ገና ነው እላታለሁ።» ሳቀ፤ ወዲያው ግን ሳቁ ጠፋ። «እንዳልዋሽ ብዬ እኮ ነው የምሄደው ለተዬ። ሜክሲኮዎቹ ዶማ ሰጥተውኛል። አረም እነቅላለሁ፣ ውሃ አዞራለሁ። አሁን ብትጠይቀኝ የምላት አለኝ። ሰኞ ቢሯት እሄዳለሁ።»

ስምህን አስወጥተህ ለምን አትገላገልም አለችው። የእኔ ሲወጣ የሁሉም ይወጣል አላት። እኔ ነኝ ያስገባኋቸው፤ እኔ ገበሬ ከሆንኩ ምናልባት በእኔ ይታለፍላቸው ይሆናል። ሌላ መንገድ የታየው አልመሰላትም። አንድ ሰው ለሃያ ሰው አረም ሊነቅል ተነሥቶ ነበር።

የመጨረሻው እሑድ ሙቀቱ ከባድ እንደሚሆን ስልኩ ሁሉ እየጮኸ ሲያስጠነቅቅ ነበር የወጣው። ከሰዓት በኋላ ጥጡ መካከል ወድቆ አገኙት። ልብ ነው አሉ፤ ሙቀት ነውም አሉ። ሜክሲኮዎቹ እሑድ አይሠሩም። ያንን ሁሉ መሬት ብቻውን ነበር የያዘው።

ማክሰኞ ማምሻውን ሚስተር ዌይድ መጣ። ጥቁር ልብስ ለብሷል፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዟል። የእድሩ ሰዎች ተነሥተው የፊት ወንበር ለቀቁለት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ ለቅሶ ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ጋሼ አድማሱ ነግረውታል። ምግብ ሲቀርብለት በእጁ ጠቅልሎ በላ፣ ጣቶቹን ሳያቆሽሽ። ፌርፋክስ ሲበላ ዓመታት አልፈውታል። ከዚያ ለተማርያም ፊት በርከክ ብሎ እጇን ያዘ።

«ከሁሉም እሱ ነበር ምርጡ ገበሬዬ» አላት በእንግሊዝኛ። «እሑድ እሑድ እርሻው ላይ እንደሚውል ባውቅ ኖሮ ብቻውን አልተወውም ነበር።» እጇን አልለቀቀም። «ለሌላ ሰው የነገረው ይኖር ይሆን?»

ለተማርያም እርሻው ላይ እንደለመደችው ራሷን ነቀነቀች። ያልገባት መስሎት ልጇን ኢዮኤልን እንዲተረጉም ጠራው።

ኢዮኤል ሎንግ ቢች፣ የዕቃ ዌርሃውስ ውስጥ የሚሠራ፣ ጢሙን በቅርቡ ማሳደግ የጀመረ ልጃቸው ነው። በልጅነቱ ከእነሱ ጋር በዲቪ መጥቶ እስከ ዛሬ በግሪን ካርድ ነው ያለው፤ የዜግነቱ ቃለ መጠይቅ በሚመጣው ወር ነው። ማታ ማታ የምታስጠናው እናቱ ናት። ከጥያቄዎቹ መካከል ለተማርያም የምትወደው አንድ ነበረ፦ ለመንግሥት ባለሥልጣን ሐሰት ተናግረህ ታውቃለህ? ኢዮኤል «ኖ» ይላታል፤ እሷ «ጎበዝ» ትለዋለች። ከሁሉ የቀለለው እሱ ስለሆነ ነበር የምትወደው።

ሚስተር ዌይድ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት። ከአባቱ ጋር በጣም ይመሳሰላሉ አለ።

ሲወጣ ጋሼ አድማሱ እስከ መኪናው ሸኙት። ለተማርያም ከተቀመጠችበት ሆና ታያቸው ነበር፤ ሚስተር ዌይድ ሲናገር ጋሼ አድማሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አነቃነቃቸው የቫኑን ቀን አስታወሳት። ሚስተር ዌይድ ስለ ባሏ ሞት ከማን ሰማ? የካውንቲው ፖሊስ፣ ሸሪፉ፣ የደወለው ለማን ነበር? መጀመሪያ ወደ እርሻው ባለቤት። እሱ ደግሞ ወደ ጋሼ አድማሱ።

እሑድ ማታ ዓለምሰገድ ሲዘገይባት ጋሼ አድማሱ ጋ ደውላ ነበር። «መኪናው ተበላሽቶበት ይሆናል፤ አንቺ ተኚ» ብለዋት ነበር። ሰኞ ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹ ነጠላ ለብሰው በር አንኳኩ። መርዶ በማታ አይነገርም፤ ሰው ደረቱን የሚመታው ጎህ ሲቀድ ነው። ለዚህ ማንንም አትወቅስም፤ እሷም የሰው መርዶ ደብቃ ታውቃለች። ግን ያን ሌሊት ሽማግሌዎቹ ምን ሲያደርጉ አደሩ? ታደለች ሳታውቀው ነግራታለች። እሑድ ማታ ጋሼ አድማሱ ለሁሉም እየደወሉ፣ ዓለሜ ስማችሁን ለማን ሰጥቷል እያሉ ሲጠይቁ ነበር አለች። እሷ ሻይ አፍልታ ባሏን ስትጠብቅ፣ የጥጥ ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ሰው ከወትሮው በዛ፤ ሥራ ያለውም ፈቃድ ጠይቆ መጥቷል። ወጣቷ ልጅም መጣች፤ ዛሬ የራሷን ነጠላ ይዛለች። ሚስተር ዌይድም መጥቶ የፊት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ጋሼ አድማሱ ወንበራቸውን አንስተው ከለተማርያም ፊት አስቀመጡ፤ ኢዮኤልንም ጠርተው አጠገባቸው አቆሙት። የሚያወሩት ቀስ ብለው ነው፣ ግን ማቆሚያው የኮንክሪት ዋሻ ስለሆነ ለሁሉም ይሰማል። እንዲሰማም ፈልገው ይሆናል።

«ለተማርያም፣ ሐዘን ላይ ሥራ አይወራም። እኔም አላወራም ነበር። ግን ቢሮው ሊመረምረን ነው። የሟች ስም ገበሬ ሊሆን አይችልም፤ ቦታው ባዶ ከሆነ ለምን ባዶ ሆነ ብለው ይገባሉ። ከገቡ ደግሞ ሁላችንንም አንድ በአንድ ነው የሚጠሩን። ታደለች ጥጥና ሱፍ አትለይም።»

ታደለች «ኧረ እለያለሁ» አለች ከኋላ።

«ዝም በይ። ሶ፣ ሚስተር ዌይድ መላ አለው። ልጅ የአባቱን ቦታ ቢይዝ ማንም አይጠይቅም። ቅጹ ኢዮኤል ስልክ ላይ ተልኮለታል፤ በጣቱ ይፈርማል፣ አለቀ።»

«ምን ብሎ ነው የሚፈርመው?»

«ዘንድሮ ከአባቱ ጋር እርሻውን ማኔጅ ሲያደርግ እንደነበረ።»

«እርሻው ላይ ሄዶ አያውቅም።»

«አባቱ ሄዷል አይደል? ደም አንድ ነው።»

ኢዮኤል ስልኩን እያየ ነበር። ጋሼ አድማሱን በትውልዱ ልማድ «አንተ» ነው የሚላቸው። «ጋሼ፣ የዜግነት ኢንተርቪው አለኝ እኮ፤ አንተ ታውቃለህ» አላቸው።

«ለዚያም ሚስተር ዌይድ ጠበቃ አለው።» ቀስ ብለው ጨመሩ፦ «አባትህ ይህን ሁሉ ሰው ያስገባው በስሙ ነው። ሞተ ብለን ስሙን ሜዳ ላይ እንጣለው? ያለቀሱልህን ሰዎች እያቸው።»

ኢዮኤል አያቸው። ሁሉም ያዩት ነበር። ብዙዎቹ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ያደረሱት፣ ልደቱን ያከበሩለት፣ አሁንም ዓይናቸው በእውነት ለቅሶ ያበጠ ሰዎች ናቸው። ማስፈራራት አልነበረም። ማስፈራራት ቢሆን ለተማርያም ታውቅበት ነበር። ሚስተር ዌይድ የሚባለው ሳይገባው በሐዘን ፈገግታ ዙሪያውን ይቃኛል።

«ማሚ፣ ፊርማ ብቻ ነው» አለ ኢዮኤል። አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ ነበረ። «ለዳዲ ብዬ ነው።»

ለተማርያም ልትናገር አፏን ስትከፍት ነው ታደለች ነገሩን ለማርገብ ወደ ወጣቷ ልጅ ዞራ ያንን የማይጠየቅ ጥያቄ የጠየቀችው። የልጁ እኩያ ስለሆነች ትምከረው ብላ ይሆናል። «አንቺስ ልጄ፣ እስከ ዛሬ ሳንጠይቅሽ፣ የማን ነሽ?»

ልጅቷ ሳህኗን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ፍናን እባላለሁ። ከእርሻ ድጎማ ቢሮው ነኝ። ከጋሽ ዓለምሰገድ ጋር በስልክ ስናወራ ነበር።»

ታደለች ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

«ሰኞ ቢሮ እመጣለሁ ብሎኝ ቀረ» አለች ፍናን። «ስደውል አንድ ሰው አንሥቶ ለቅሶ ነው አለኝና አድራሻ ሰጠኝ። ማን ነሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ደርሼ ልሄድ ነበር የመጣሁት፤ ተቀመጪ አላችሁኝ፣ ከዚያ ምግብ መጣ።»

ጋሼ አድማሱ ቀስ ብለው ዞሩ። ሁለት ቀን ሙሉ በዚህች ልጅ ጆሮ አጠገብ የተባለው ሁሉ በፊታቸው ላይ ተራ በተራ ሲያልፍ ታየ።

«አማርኛ ትችያለሽ?»

«ስናገር እሳሳታለሁ። ስሰማ ግን ሁሉም ይገባኛል።»

ያን ጊዜ ሁሉም መሄድ ፈልጎ ነበር። ግን ከለቅሶ ቤት ድንገት ብድግ ብሎ መሄድ ነውር ስለሆነ ማንም አልተነሣም። የፌርፋክስ ገበሬዎች በየመስመራቸው መካከል ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። ሚስተር ዌይድ ብቻ ጎንበስ ብሎ ጋሼ አድማሱን ልጅቷ ማን እንደሆነች በጆሯቸው ጠየቃቸው።

«ዛሬ ጥያቄ አልጠይቅም» አለች ፍናን። «ለቅሶ ነው። ግን ኢዮኤል ከፈረመ፣ እኔ የሰማሁትን አልሰማሁም ማለት አልችልም። ሥራዬ ነው።» ከዚያ ወደ ለተማርያም ዞረች። ድምጿ ዓለምሰገድ እንዳለው ትሑት ነበር። «አሁን መሄድ እችላለሁ፣ እትዬ። ሌላ ቀን እመጣለሁ።»

ለተማርያም ልጇን አየችው። ጣቱ አሁንም ስልኩ ላይ ነው። ይህች ልጅ ከሄደች ሰዎቹ እንደገና ይጀምራሉ፤ ነገ ጠበቃ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ የእድሩ ሽማግሌ፣ እያለቀሱም ያባብሉታል። ኢዮኤል ደግሞ የአባቱ ልጅ ነው፤ እንቢ ማለት አያውቅበትም። አንድ ሰው ዛሬ፣ በሁሉም ፊት፣ የጥጡን ነገር ማፍረስ አለበት። ከዚያ በኋላ የኢዮኤል ፊርማ ለማንም አይጠቅምም።

«ኢዮኤል፣ ስልክህን ዝጋ።»

«ማሚ—»

«ዝጋው።»

ዘጋው።

«አትሂጂ» አለቻት ለፍናን። «ዓለሜ ሰኞ ሊነግርሽ የነበረውን እኔ ልንገርሽ። የሰው ስም ግን ከእኔ አትሰሚም። እያንዳንዱ ስለራሱ ይንገርሽ። እኔ በራሴ ነው የምጀምረው። እኔም ገበሬ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም።

«ለተማርያም» አሉ ጋሼ አድማሱ፤ ድምፃቸው እንደ አባት ለስልሶ ነበር፣ የሚያስፈራውም ልስላሴው ነው። «ሐዘን አናውጦሻል። ልጅቷም ትረዳሻለች። አሁን የምትናገሪው አይያዝብሽም።»

«እንዲያዝብኝ ነው ጋሼ» አለቻቸው። «እርስዎም ይስሙ።»

ከኋላ ታደለች ማልቀስ ጀመረች። ለዓለምሰገድ ይሁን ለራሷ አልታወቀም። ፍናን ከወንበሯ ተነሥታ መጣችና የት እንደምትቀመጥ ግራ ገብቷት ቆመች።

ለተማርያም የተቀመጠችበት ፍራሽ ሰኞ ጠዋት ከመኝታ ቤታቸው የወረደው ነው። ሁለት ሰው የሚያስተኛ ሆኖ ሳለ ከዚያን ቀን ጀምሮ በአንዱ ጠርዝ ብቻ ተጠግታ መቀመጧን ማንም አላስተዋለም፣ እሷም አላስተዋለችም ነበር። በምትተኛበት በኩል ነው የተቀመጠችው። እጇን ዘረጋች፤ ባዶውን ጎን ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ጊዜ በመዳፏ ዳበሰች፣ የአንሶላውን ሽብሽብ አቃናች። ከዚያ እጇን አነሣችና ለልጅቷ ቦታውን ለቀቀችላት።